ሐረር፣ የሲራራው መንገድና የብረት ሐዲዱ

ሐረር ከባሕር የራቀች የተራራ ከተማ ብትሆንም ኑሮዋ ከባሕሩ ጋር የተሳሰረ ነበር። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት የጀጎል ግንብ አምስት በሮች ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይወጣ፣ ጨርቃ ጨርቅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይገባ ነበር። የዚህ ንግድ ወደቦች በተለይ ዘይላና በርበራ ነበሩ።

በከተማዋና በወደቦቹ መካከል የተዘረጋውን በረሃ ያለ ስምምነት ማቋረጥ የሚቻል አልነበረም። የሲራራ ነጋዴ ከሶማሌ ጎሣዎች መካከል «አባን» የተባለ ዋስ ይይዛል፤ አባኑም ክፍያውን ተቀብሎ በጎሣው ምድር ስለ መንገደኛው ሕይወትና ንብረት ኃላፊ ይሆናል። ከጠረፉ የመጣው የግመል ጭነት በተራራው ግርጌ በምትገኘው ጄልዴሳ ወደ አህያና በቅሎ ይዛወር ነበር። ሥርዓቱ ጠብና የዋጋ ክርክር ያልተለየው ቢሆንም፣ በወረቀት ያልሰፈረ የጎረቤታሞች ውል ነበር።

ከ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባች፤ አስተዳደሯም ኋላ ራስ ለሆኑት ለመኰንን ተሰጠ። በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ለ99 ዓመት የሚጸና የባቡር ሐዲድ ውል ሰጡ። ውሉ መስመሩን ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ያልማል። በወረቀቱ ላይ ሐረር የመጀመሪያዋ ታላቅ ጣቢያ ነበረች።

ግንባታው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኢሳ ሰዎች የሥራ ሠፈሮችን አጥቅተዋል። የጥቃቱ ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ሲራራው ፈቃዱን ይጠይቀው የነበረው ሕዝብ በአዲሱ ውል ውስጥ ቦታ አለማግኘቱ ሊዘነጋ አይገባም። ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ወደምትገኘው ሐረር ሐዲዱን ማውጣት ወጪው ስለከበደ መስመሩ በሜዳው ቀረ። በ1895 ዓ.ም. መጨረሻው በደረሰበት ስፍራ «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ ተቆረቆረች፤ እርሷም የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። የሩቁ ንግድ ቀስ በቀስ ወደ ሜዳው ወረደ፤ በግመልና በአባንነት ይተዳደር የነበረውም ገቢው ሳሳ።

በላይ ደግሞ ሌላ ትግል ነበር። በ1894 ዓ.ም. ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በገንዘብ ድጋፍ ምትክ መስመሩን ለዚያ መንግሥት ቁጥጥር ሲያጋልጥ ምኒልክ ተቆጡ፤ ሥራውም በድሬዳዋ ለዓመታት ቆመ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ በተፈራረሙት የሦስትዮሽ ውል ሐዲዱን ጭምር የጥቅም ክልል መደልደያ አደረጉት። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1900 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

መስመሩ የጎረቤታሞች የጋራ ሀብት የሆነው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. ውል ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ አገኘች፤ ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላም በ1973 ዓ.ም. ድርጅቱ የሁለቱ አገሮች ሆነ። በመካከሉ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ሐዲዱ ተቋርጦ ስለነበር፣ የአንዱ ቁስል የሌላው ወደብ ጉዳት መሆኑን ሁለቱም በተግባር አይተዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርም ይህንኑ ትስስር አድሷል። እርሱም እንደ ቀድሞው በድሬዳዋ በኩል ያልፋል፤ የሐረር መንገደኛና ጭነት አሁንም የደንገጎን ዳገት በመኪና መውረድ ግድ ይሆንበታል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ብረት አገርን ከአገር ሊያገናኝ ይችላል፤ ወዳጅነቱ የሚጸናው ግን ውሉ በእኩልነት ሲፈረምና መንገዱ የሚያልፍበት ሕዝብ ድርሻው ሲታወቅለት ነው። የሐረር ነጋዴና የበረሃው አባን ይህን ከሐዲዱ በፊት ያውቁት ነበር።