ግማሽ ሰዓት

ስለ ግላይደር አደጋ የሚጻፍ ነገር አብዛኛውን ጊዜ አብራሪው ላይ ያልቃል። ዘግይቶ ወሰነ፤ የነፋሱን አቅጣጫ ሳተ፤ አጥሩን አላየም። ሐሰት አይደለም። ሞተር የሌለው አውሮፕላን ከማረፊያው ርቆ ያልታወቀ ሜዳ ላይ ሲወርድ ሁለተኛ ዕድል የለውም። መሬቱ ድንጋያማ ሆኖ ቢያገኘው ተመልሶ መነሳት አይችልም። ዛሬ የማነሳላችሁ አደጋ ግን ገና አንድም ግላይደር ሳይነሳ የተጀመረ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. የጸደይ ወራት የተባበሩት ኃይሎች ሲሲሊን ለመውረር እየተዘጋጁ ነበር። የብሪታንያ አንደኛ አየር ወለድ ክፍለ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሆፕኪንሰን አንድ እቅድ ነበረው፦ ከሲራኩዝ ከተማ በስተደቡብ ያለውን የፖንቴ ግራንዴ ድልድይ በሌሊት በግላይደር በሚወርዱ ወታደሮች መያዝ። ሞንትጎመሪም ተቀብሎታል።

የግላይደር አብራሪዎቹ አዛዥ ጆርጅ ቻተርተን የቦታውን የአየር ላይ ፎቶግራፎች ሲያይ ደነገጠ። ዳርቻው ገደል፣ ማሳዎቹ ጠባብና በድንጋይ ካብ የታጠሩ ናቸው። ልጆቹ ደግሞ ለወራት በቂ በረራ አላገኙም፤ የሌሊት ልምዳቸውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይህንኑ ተናገረ። ሆፕኪንሰን ፎቶግራፎቹን ትቶለት ወጣ። ለማሰቢያ የሰጠው ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያም በኋላ ከባድ ነው የሚል ከሆነ ከአዛዥነቱ እንደተነሳ ይቁጠረው።

ቻተርተን ተስማማ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ግማሽ ሰዓት ነው። ቢለቅ ሌላ ሰው ይተካ ነበር፤ ልጆቹም ከመሄድ አይቀሩም። በዚህ ስሌት ስንት ሰው አንገቱን ደፍቶ እንደፈረመ አስቡት። ልፈርድበት አልደፍርም፤ ነጻ ላወጣውም አልችልም።

የቀረበላቸው ግላይደር አብዛኛው አሜሪካ ሠራሹ ዋኮ ነበር፦ የብረት ቱቦ አጽም፣ በላዩ የተወጠረ ጨርቅ። በሳጥን ታሽጎ አልጄሪያ የደረሰውን አብራሪዎቹ ራሳቸው ገጣጠሙት። በዋኮ የተለማመዱት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1943 ምሽት 144 ግላይደሮች ወደ 2,000 የሚሆኑ ወታደሮችን ይዘው ከቱኒዚያ ተነሱ። ኃይለኛ ነፋስ ነበር። አብዛኞቹ ጎታች አውሮፕላኖች የአሜሪካውያን ናቸው፤ ብዙዎቹ ሠራተኞችም እንዲህ ላለው የሌሊት ጉተታ አዲስ ነበሩ። ከባሕሩ ዳርቻ ያለውን ርቀት በጨለማ መገመት አቃታቸው፤ ከምድር የሚተኮሰው ጥይትም ነበረ። ብዙዎቹ ገመዱን የፈቱት ገና ከሩቅ ነው። ገመዱ ከተፈታ በኋላ አብራሪው የቀረው ከፍታው ብቻ ነው፤ ከፍታው ደግሞ ምድር አላደረሰውም።

ከ60 በላይ ግላይደሮች ባሕር ላይ ወደቁ። ወደ 250 የሚጠጉ ወታደሮች ጠላት ሳያዩ ሰመጡ። ምድር የደረሱትም ተበታተኑ፤ ካብ እየመቱ የተሰባበሩ አሉ። ድልድዩ አጠገብ በትክክል ያረፈው አንድ ግላይደር ነበር። ቀስ በቀስ የተሰባሰቡ ከ100 ያነሱ ሰዎች እስከ ማግስቱ ከሰዓት በኋላ ያዙት፤ ጥይታቸው አልቆ ተሸነፉ። ብዙም ሳይቆይ ከባሕር የመጣው ጦር ደርሶ ድልድዩን ሳይፈርስ መልሶ ያዘው።

ሆፕኪንሰንና ቻተርተንስ? ሁለቱም ባሕር ውስጥ ወደቁ፤ ሁለቱም ተረፉ። ጄኔራሉ ስብርባሪ ላይ ተንጠልጥሎ በመርከብ ተነሳ። በዚያው ዓመት መስከረም ጣሊያን ውስጥ ተገደለ።

ከሲሲሊ ከተረፉት አብራሪዎች አንዱ ጂም ዎልዎርክ ይባላል። ለኖርማንዲ ሲመረጥ ዝግጅቱ ሌላ ነበር። ለወራት፣ መጀመሪያ በቀን ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ቀጥሎ በሌሊት፣ በኮምፓስና በሰዓት መቁጠሪያ ብቻ እየተመሩ ደጋግመው አረፉ። ሰኔ 6 ቀን 1944 ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ዎልዎርክ ዛሬ ፔጋሰስ ከሚባለው ድልድይ ጥቂት አሥር ሜትሮች ርቀት ላይ ሆርሳውን አሳረፈ። ግጭቱ ግን ከመቀመጫው ነቅሎ በፊት መስታወቱ በኩል ወደ ውጭ ወረወረው። ተከትለውት ከወረዱት ውስጥ አንዱ ወታደር አጠገቡ ያለ ኩሬ ውስጥ ወድቆ ሰመጠ።