አምስተኛው ንጣፍ

እስቲ ስሙኝማ! ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ። በ1879 ባልቲሞር ላይ ኤድዊን ሆል የሚባል ተማሪ ስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ኮረንቲ ለቀቀና ማግኔት አስጠጋበት። ኮረንቲው ወደ ጎን ተገፋ፤ በወርቁ ግራና ቀኝ ጠርዝ መካከል ቮልቴጅ ተፈጠረ።

መቶ ዓመት አለፈ። በየካቲት 1980 አንድ ሌሊት፣ ግሬኖብል ውስጥ፣ ጀርመናዊው ክላውስ ፎን ክሊትሲንግ ያንኑ ነገር በብርቱ ማግኔትና በብርቱ ቅዝቃዜ ሲለካ ጉድ አየ። በጎን የሚለካው ሬዚስታንስ በደረጃ ይዘላል፤ ደረጃዎቹም 25,812.8 ኦምን ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እያሉ ሲያካፍሉ የሚገኙት ናቸው። ቁሱ ቢቆሽሽ፣ ቅርጹ ቢጣመም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ይህ ግትርነት የመጣው ከቶፖሎጂ ነው፤ ቅርጽ ቢጣመምም ከማይለወጥ ባሕርይ ማለት ነው። ኤሌክትሮኑ መሀሉን ትቶ፣ ታቦት አጅቦ ቤተ ክርስቲያኑን እንደሚዞር ምእመን፣ በጠርዙ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። መመለሻ መንገድ ስለሌለው እንቅፋት ቢገጥመውም ዞሮት ያልፋል።

ግን ያን ግዙፍ ማግኔት ማን ይሸከመዋል? በ1988 የፊዚክስ ሊቁ ደንከን ሃልዴን ያለ እሱም እንደሚቻል በወረቀት አሳየ። በተግባር ለማየት 25 ዓመት ፈጀ፤ በ2013 ቤጂንግ ላይ የቺ-ኩን ሹዌ ቡድን በቢስመዝ፣ በአንቲሞኒና በቴሉሪየም ስስ ንጣፍ ውስጥ ክሮሚየም በትኖ ማግኔቱን ከቁሱ ከራሱ አወጣው። ቅዝቃዜው ግን አይጣል ነው፤ 30 ሚሊኬልቪን! ብዙዎች ጣታቸውን የቀሰሩት በብተናው ላይ ነው፤ የተበተነ ነገር መች እኩል ይዳረሳል?

ስለዚህ ማንጋኒዝ በየንጣፉ መሀል በሥርዓት የተደረደረበት ክሪስታል ተፈለገ፤ ማንጋኒዝ፣ ቢስመዝና ቴሉሪየም። እያንዳንዱ ንጣፍ ሰባት አተም ይወፍራል። አንዱ ንጣፍ ማግኔቱን ወደ ላይ ሲያዞር ጎረቤቱ ወደ ታች ያዞራል። ጥንድ ጥንድ ከሆኑ ይጣፋሉ፤ ጎዶሎ ከሆኑ ግን አንዱ ሳይጣፋ ይተርፋል። ያ ትርፍ ነው ሥራውን የሚሠራው! በ2020 የሻንጋዩ ፉዳን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አምስት ንጣፍ ፈልቅቀው፣ ያለ ውጭ ማግኔት፣ በ1.4 ኬልቪን ቁጥሩ ደረጃው ላይ ሲቆም አዩ። በማግኔት ሲያግዙት እስከ 6.5 ኬልቪን ዘለቀ።

ደስታው ግን ሙሉ አልሆነም። ክሪስታሉ ማግኔትነቱን እስከ 25 ኬልቪን ገደማ ይዞ ይቆያል፤ የጠርዙ ጉዞ ግን ከዚያ በፊት ይሰናከላል። አምስት ንጣፍ የፈለቀቁ ሌሎችም ብዙ ጊዜ ያንን ውጤት አጡት፤ ማንጋኒዝና ቢስመዝ በክሪስታሉ ውስጥ ቦታ ይቀያየራሉና። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የወረቀቱ ስሌት የድርሻውን ሠርቷል፤ ከእንግዲህ ኃላፊነቱ የክሪስታል አሳዳጊዎቹ ነው።