«ቀጭን» እና «ከሳ»፦ ስለ ሰውነት መመንመን የሚነገሩ ቃላትና የታሪክ ምስክርነታቸው

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በዜና መዋዕል ብቻ ሳይሆን በዕለታዊ ንግግሩም ተጠብቆ ይኖራል። ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያለው የምዕራብ ጎጃም አገር በእህል ምርቱ የታወቀ ነው። ሆኖም ይህ የጥጋብ አገር የሚናገረው ዐማርኛ፣ እንደ ሌላው ዐማርኛ ሁሉ፣ ለሰውነት መመንመን ብዙ ቃላት አሉት፤ እነርሱም በሁለት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ወገን የመልክ ነው። «ቀጭን» ከግእዙ «ቀጢን» ጋር ሥሩ አንድ ሲሆን ብዙ ጊዜ የክብር ቃል ነው። ቀጭን ፈታይ የተባለች ሴት ተመሰገነች እንጂ አልተነቀፈችም፤ «ቀጭን ጌታ» የሚባለውም ተመችቶት የሚኖር ሰው ነው። «ሸንቃጣ» እና «መለሎ» ደግሞ የቁመናን ውበት ይናገራሉ።

ሁለተኛው ወገን የጉድለት ነው፤ ይኸውም ከሳ፣ መነመነ፣ ኮሰመነ፣ ቀጨጨ፣ ሟሸሸ የሚለው ነው። እነዚህ ሁሉ ግሶች ናቸው። ግስ ድርጊትንና ጊዜን ስለሚያመለክት፣ «ከሳ» የተባለ ሰው ቀድሞ እንዲህ እንዳልነበረ ተመስክሮለታል። «ምነው ከሳህ?» ብሎ የሚጠይቅም በሽታን ወይም ኀዘንን ፈርቶ ነው። ደግሞም ቃላቱ የሰው ብቻ አይደሉም፤ በሬ ይከሳል፣ ቡቃያ ይቀጭጫል፣ ሰብል ይኮሰምናል፣ ሀብት ይመነምናል። ገበሬው የራሱን ሰውነት ከበሬውና ከእርሻው ለይቶ አልሰየመውም።

ይህ አንድነት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በክፉ ቀን ጊዜ በግልጽ ታየ። በ1881 ዓ.ም. ጎጃም በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመቻ ተጎዳ። በዚያው ዘመን «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ጥፋትን በደስታ መጥራት የበሽታውን ስም ለመሸፈን ሳይሆን አይቀርም። በሬው ሲያልቅ ሞፈርና ቀንበር ተሰቀለ፤ ዐፄ ምኒልክም ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን በእጃቸው መሬት ቆፈሩ። በሬው ያለቀበት ገበሬ ራሱም ከሳ።

የሌላው ሕዝብ ቋንቋም ይህን ያስታውሳል። በቬትናም ቋንቋ «ኦም» የሚለው ቃል በሰሜኑ ክፍል የታመመ፣ በደቡቡ የከሳ ማለት ነው። «ቆዳ አጥንትን ጠቀለለ» የሚል አነጋገራቸውም ከእኛው «አጥንትና ቆዳው ብቻ ቀረ» ጋር ይገጥማል።

ያ የከብት በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ የጉድለት ቃላት ግን ሥራ አልፈቱም። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሊያጠፋ የተነሣው የሕፃናት ችግር «መቀንጨር» ተብሏል፤ ይህም «ቀነጨረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው።

ስለዚህ የአረጋውያንን ቃል የሚሰበስብ ተማሪ «ከሳን» የሚለውን ቃል «ቀጭን ነበርን» ብሎ አይመዝግብ። እንዲህ ቢያደርግ የደረሰውን ነገር አጥፍቶ የሰውነት መልክ ብቻ ያስቀራል። ይልቁንስ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ምክንያት፣ ከብቱስ በዚያ ጊዜ እንዴት ነበረ ብሎ ይጠይቅ፤ ቃሉ ራሱ ጥያቄውን ያዘዋልና።