ጧሪና ቀባሪ፦ በሀደሮና በአካባቢዋ የአረጋውያን እንክብካቤ ታሪክ



በሀገራችን «ጧሪና ቀባሪ አያሳጣህ» የሚል ምርቃት አለ። ምርቃቱ በሕይወት ሳሉ መጦርንና ሲሞቱ መቅበርን በአንድ ትንፋሽ ያስተሳስራል። ዛሬ ላስረዳ የምሻው እነዚህ ሁለት ግዴታዎች ባለፉት ሰባ ዓመታት ገደማ እንዴት እንደተለያዩ ነው። ማሳያዬ የከምባታዋ ሀደሮና በዙሪያዋ ያሉት የከምባታና የሀዲያ ከተሞችና ገጠሮች ናቸው።

አስቀድሜ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ልፈትሽ። ድሮ አረጋዊ ሁሉ ተከብሮና ጠግቦ ይኖር እንደነበር ይነገራል። አክብሮቱ እውነት ነው። የሆሳዕናው ሆስፒታል በስሟ የተሰየመላት የሀዲያ ተወላጅ ንግሥት እሌኒ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን መባቻ፣ በዕድሜዋ ማምሻ ለሕፃኑ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና ሀገር መርታለች። ነገር ግን ክብር ብቻውን አያጠግብም። የዚህ አካባቢ የምግብ መሠረት እንሰት ነው። እንሰት ድርቅን ይቋቋማል፤ ተብላልቶም ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ሆኖም ነቅሎ፣ ፍቆና ጨምቆ ቆጮ ለማድረግ የጠና ክንድ ያሻል። ይህ ከባድ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው የሴቶች ነው። ስለዚህ ጓሮዋ በእንሰት የተሞላ ባልቴት የሚፍቅላት ካጣች ልትራብ ትችላለች። የእርጅና ዋስትና ንብረት ብቻ ሳይሆን የሰው እጅም ነበር ማለት ነው።

ይህ እጅ መራቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ሕዝቡ እየበዛ መሬቱ እየጠበበ ሲሄድ፣ የአካባቢው ወጣቶች እንጀራ ፍለጋ ወጡ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ በኋላ ብዙዎች ለሸንኮራ ቆረጣ ወደዚያ አቀኑ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ጉዞው እስከ ደቡብ አፍሪካ ረዘመ። የሚላከው ገንዘብ ቤት አሠርቷል፤ ታናናሾችን አስተምሯል። ገንዘብ ግን በሌሊት ውኃ አያቀብልም፤ የታመመ አባትንም ደግፎ ወደ ጤና ጣቢያ አያደርስም።

መንግሥትስ ምን አደረገ? በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ወጣ። «ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ «ጦረ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው። መንግሥት የልጅን ግዴታ በስሙ ወረሰ፤ የወረሰው ግን ለደመወዝተኛው ብቻ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኞች የተካተቱት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። የሀደሮ ገበሬ ግን የጡረታ መውጫ ዕድሜ የለውም። የእርሱ ጥሪት ከእንሰቱ ቀጥሎ ዝንጅብል ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የተዛመተው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ያንንም አሳጣው።

ዕድር በበኩሉ ቀባሪነትን አደራጀ። ድንኳን፣ ወንበር፣ መዋጮ፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት፣ ሁሉም ሥርዓት አለው። ነገር ግን ዕድርተኛው በሕይወት ሳለ መድኃኒት ቢያጣ የዕድሩ ደንብ በአብዛኛው ዝም ይላል። ለአስከሬኑ የሚሰበሰበው ሕዝብ ለሕመምተኛው እንዲሰበሰብ የሚያስገድድ የተጻፈ ሕግ አልነበረም።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን አሰማራ። የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት በመቀነስ ረገድ ባለውለታችን ነው። ሆኖም ሲነደፍ ከያዛቸው 16 ፓኬጆች መካከል ለአረጋውያን ተለይቶ የተዘጋጀ አልነበረም። ባለሙያዋ ነፍሰ ጡሯን ጠይቃ ስትወጣ፣ በዚያው ጎጆ ጥግ የተቀመጡት አያት የደም ግፊታቸው ሳይለካ ይቀር ነበር።

መልካም ጅምሮች ግን አሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ አንዷ የከምባታዋ ዳምቦያ ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሀዲያዋ ሻሸጎ ወረዳ የገንዘብ ድጋፍን ከጤናና ከማኅበራዊ አገልግሎት ጋር የሚያቆራኝ ሙከራ ተካሂዷል።

ከእነዚህ የምንማረው ምንድን ነው? እያንዳንዱ ተቋም አንድ ነገር ብቻ ያያል። መድኅኑ የሕክምና ወጪን ይሸፍናል፤ ሕመምተኛውን ከሀደሮ ገጠር እስከ ዱራሜ ወይም ሆሳዕና የሚያጅበው ግን ሌላ ሰው ነው። ሴፍቲኔቱ ገንዘብ ይሰጣል፤ ምግቡን የሚያበስለው ሌላ ነው። ዕድሩ ሰው አለው፤ የጤና ዕውቀት የለውም። የጤና ባለሙያዋ ዕውቀት አላት፤ ጊዜ የላትም። ስለዚህ የሚያስፈልገን አዲስ ተቋም ከመፍጠር ይልቅ ያሉትን ማገናኘት ይመስለኛል። ዕድሩ የአባላቱን አረጋውያን ይመዝግብ፤ ተራ የሚወጣ አጃቢ ይመድብ። ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር የደም ግፊትንና የዓይን ሞራን ትመልከት። ወረዳው ደግሞ የድሆችን የመድኅን መዋጮ ሲሸፍን፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ያስቀድም።

አያቶቻችን መጦርንና መቅበርን ለይተው አልመረቁንም። ቀባሪ አጥተን አናውቅም፤ በየቀበሌው ዕድር አለና። የእኛ ትውልድ ዕዳ ጧሪውን በዚያው ጥንካሬ ማደራጀት ነው።