ብስክሌትን ከባቡር ጋር ማቀናጀት፦ የኔዘርላንድ ልምድና ሌሎች አማራጮች

የባቡር ጉዞ ሁለት ጫፎች አሉት። የመጀመሪያው ተጓዡ ከቤቱ ተነስቶ ጣቢያ እስኪደርስ ያለው መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ከወረደበት ጣቢያ ወደ ሥራው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ወይም ወደ ዘመድ ቤት የሚወስደው ነው። ባቡሩ ምንም ያህል ቢፈጥን በሁለቱ ጫፎች የሚባክነው ጊዜ ትርፉን ይበላዋል። አርባ ኪሎ ሜትር በግማሽ ሰዓት ያቋረጠ መንገደኛ ቀሪውን ሦስት ኪሎ ሜትር በእግሩ ለመጨረስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። መኪና ያለው ሰው ባቡሩን ሲተው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሐዲዱ ፍጥነት ሳይሆን ይህ ጫፍ ነው።

ብስክሌት ለዚህ ችግር የሚሰጠው መልስ በቀላል ስሌት ይታያል። እግረኛ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ በ10 ደቂቃ 800 ሜትር ገደማ ይሸፍናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተራ ብስክሌተኛ በዚያው 10 ደቂቃ 2.5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ርቀቱ በሦስት እጥፍ ሲያድግ በጣቢያው ዙሪያ የሚታቀፈው ስፋት በዘጠኝ እጥፍ ያድጋል፤ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ወደ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አዲስ ሐዲድ ሳይዘረጋና አዲስ ጣቢያ ሳይከፈት ባቡሩ የሚያገለግለው ሕዝብ ይበዛል ማለት ነው። በተግባር ግን ወንዝ፣ አውራ ጎዳናና ራሱ ሐዲዱ ይህን ክብ ይቆርሱታል፤ ዳገትም ያጠብበዋል። ስለዚህ ከሐዲዱ ሥር የሚያሻግር አንድ የብስክሌት መተላለፊያ አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ተጨማሪ ጣቢያ ያልተናነሰ ጥቅም ይሰጣል።

ሁለቱን መጓጓዣዎች ማቀናጀት ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ብስክሌቱን ባቡር ላይ ጭኖ መሄድ ነው። ለተጓዡ ከሁሉ የሚመቸው ይህ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ የራሱ ብስክሌት አብሮት ይኖራል። ለባቡሩ ግን ከሁሉ ውዱ ነው። አንድ ብስክሌት 1.8 ሜትር ያህል ርዝመትና በመሪው በኩል 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ወለል ይይዛል። በሥራ መግቢያ ሰዓት በተጨናነቀ ፉርጎ ውስጥ በዚያ ቦታ ሦስት ወይም አራት ሰው ይቆማል። ከቦታው በላይ የሚያሳስበው ጊዜው ነው። የከተማ ባቡር በየጣቢያው የሚቆመው ለአንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ በመሆኑ፣ በር ላይ የተጋጠሙ ሁለት ብስክሌቶች የሚያስከትሉት መዘግየት ከኋላ ወደሚከተሉት ባቡሮች ሁሉ ይተላለፋል።

ኔዘርላንድ ይህን ጥያቄ የመለሰችው ሳታመነታ ነው። በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡00 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10፡00 እስከ 12፡30 ሰዓት ተራ ብስክሌት ባቡር ላይ መጫን ክልክል ነው፤ ተጓዥ በሚቀንስባቸው በሐምሌና በነሐሴ ግን ክልከላው ይነሳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) በሌላው ሰዓት ለብስክሌቱ ለብቻው ቲኬት ይቆረጥለታል። ታጣፊ ብስክሌት ታጥፎ እስከተያዘ ድረስ እንደ ሻንጣ ይቆጠራል፤ በማንኛውም ሰዓት ያለ ክፍያ ይገባል። በዓለም ላይ ከሌሎች አገሮች ሁሉ በላይ ብስክሌት የሚነዳባት አገር ብስክሌትን ከባቡር ውስጥ ማራቋ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ብስክሌተኛው ጥቂት ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ማስገባት ይቻል ነበር።

ስለዚህ የኔዘርላንድ መልስ ያለው ከፉርጎው ውስጥ ሳይሆን ከጣቢያው ደጃፍ ነው። ከባቡር ተሳፋሪዎቿ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከቤታቸው ወደ ጣቢያ የሚደርሱት በብስክሌት ነው። እነዚህ ሁሉ ብስክሌቶች ቀኑን ሙሉ የሚቆሙበት ቦታ ይፈልጋሉ። ቦታው ከመሳፈሪያው መድረክ በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ካልሆነ በብስክሌቱ የተገኘው ጊዜ መልሶ ይጠፋል፤ ተጓዡም ብስክሌቱን ከመብራት ምሰሶ ወይም ከድልድይ አጥር ጋር ቆልፎት ይሄዳል። የኔዘርላንድ ጣቢያዎች አደባባዮች ለአሥርተ ዓመታት በተደራረቡ ብስክሌቶች የተዘጉት በዚህ ምክንያት ነበር።

የዩትሬክት ማዕከላዊ ጣቢያ ይህን ችግር ለመፍታት ከተሠሩት ሁሉ የሚጠቀሰው ነው። በ2017 በከፊል ተከፍቶ በ2019 የተጠናቀቀው የብስክሌት ማቆሚያ 12,500 ያህል ብስክሌት ይይዛል፤ በዓለም ትልቁ ሆኖም ተመዝግቧል። መጠኑ ብቻውን ግን የግንባታውን ፋይዳ አይገልጽም። ከመንገድ የመጣ ብስክሌተኛ ሳይወርድ እየነዳ ወደ ሦስቱ ፎቆች ይዘልቃል። በየመተላለፊያው ያሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ነፃ ቦታ የት እንዳለ ያሳዩታል፤ ብስክሌቱን ባለ ሁለት ደርብ መደርደሪያ ላይ ሰቅሎ በደረጃ ወደ ጣቢያው ይወጣል። ጥገናና ኪራይ እዚያው አሉ። የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አለመከፈላቸው ደግሞ ከአርክቴክቸሩ የማይተናነስ ውሳኔ ነው። በየዕለቱ ወደ ሥራ የሚመላለሰው ሰው ምንም አይከፍልም፤ የሚከፍለው ብስክሌቱን ለቀናት ትቶ የሚሄደው ነው። ታሪፉ ውድ ቦታ ለተመላላሹ እንዲለቀቅ ያደርጋል።

አምስተርዳም በበኩሏ መሬት ስላልነበራት ወደ ውኃ ወረደች። በማዕከላዊ ጣቢያዋ ፊት ለፊት ያለው የውኃ አካል ተገድቦ እንዲደርቅ ተደረገ፤ ከሥሩም 7,000 ብስክሌት የሚይዝ አዳራሽ ተገንብቶ ውኃው ተመለሰበት። አዳራሹ በጥር 2023 ሲከፈት ወጪው ወደ 60 ሚሊዮን ዩሮ እንደደረሰ ተነግሯል። ለአንድ ብስክሌት ከ8,000 ዩሮ በላይ ማለት ነው፤ ይህም ከብዙዎቹ ብስክሌቶች ዋጋ በእጅጉ ይበልጣል። ገንዘቡ ባክኗል የሚለው ትችት ግን የተሳሳተ ንጽጽር ላይ ይቆማል። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ አሥር ያህል ብስክሌት ስለሚቆም፣ ያው ሰባት ሺህ ሰው በመኪና ቢመጣ ኖሮ በጣቢያው ዙሪያ የሚያስፈልገው ሥፍራ በአሮጌው ከተማ መሀል ከቶ አይገኝም ነበር።

ማቆሚያው የሚፈታው የመጀመሪያውን ጫፍ ብቻ ነው። ዩትሬክት የተሳፈረው ሰው ብስክሌቱን እዚያው ትቶ ሮተርዳም ሲወርድ እንደገና እግረኛ ይሆናል። ብዙ ኔዘርላንዳውያን ይህን ለረጅም ጊዜ የተወጡት ሁለተኛ አሮጌ ብስክሌት ገዝተው በሚሠሩበት ከተማ ጣቢያ በማኖር ነው፤ ያ ብስክሌት ግን ሌሊቱንና የሳምንቱን መጨረሻ በሙሉ ማቆሚያውን ይዞ ይውላል፣ ያድራል። ኦቬ-ፊትስ የሚባለው የኪራይ አገልግሎት የተፀነሰው ለዚህ ክፍተት ነው። በ2003 የተጀመረው አገልግሎት በ2008 በብሔራዊው የባቡር ድርጅት በኤንኤስ እጅ ገባ። ተጓዡ ለባቡሩ የሚጠቀምበትን ያንኑ ካርድ አሳይቶ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ብስክሌት ይወስዳል፤ ሒሳቡ በቀን ታስቦ ከካርዱ ጋር ከተያያዘው የባንክ ሒሳብ ይቆረጣል። በ2019 ከ5 ሚሊዮን በላይ ጉዞ ተመዝግቧል።

ኦቬ-ፊትስን ከፓሪስና ከለንደን የከተማ ኪራይ ብስክሌቶች የሚለየው ነገር ለአጥኚ ትምህርት ሰጪ ነው። በእነዚያ ከተሞች ብስክሌቱ ከአንዱ ማቆሚያ ተነስቶ ሌላው ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ኩባንያው ጠዋት ከዳር ወደ መሀል የፈሰሱትን ብስክሌቶች በጭነት መኪና መልሶ ማከፋፈል አለበት። ኦቬ-ፊትስ ግን ወደ ተነሳበት ጣቢያ እንዲመለስ ይጠበቃል፤ ሌላ ጣቢያ የመለሰ ሰው ተጨማሪ ይከፍላል። ተጓዡ ወደ ቤቱ ለመመለስ ባቡሩን መያዙ ስለማይቀር ይህ ግዴታ አይከብደውም፤ ለድርጅቱ ግን ከባዱን የማመላለስ ወጪ ያስቀርለታል። አገልግሎቱ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ከባቡሩ ጋር ስለተጣበቀ ነው።

ኮፐንሃገን የሄደችበት መንገድ ከዚህ ይለያል። ኤስ-ቶ በሚባሉት የከተማ ዳርቻ ባቡሮች ላይ ብስክሌት መጫን በ2010 ነፃ ሆነ፤ በዓመት 2 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የሚጫን ብስክሌት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 9 ሚሊዮን አሻቀበ። ይህ ሊሳካ የቻለው ባቡሮቹ ስለተቀየሩ ነው፦ ሰፋፊ በሮች፣ ተጣጥፈው ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ መቀመጫዎች፣ በግልጽ ምልክት የተለዩ የብስክሌት ክፍሎች ተዘጋጁ። ያም ሆኖ በከተማው እጅግ በሚጨናነቀው በኖረፖርት ጣቢያ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብስክሌት ማውረድና መጫን የተከለከለበት ጊዜ ነበር። በካሊፎርኒያ ሳን ፍራንሲስኮን ከሳን ሆዜ የሚያገናኘው ካልትሬይን ከ1992 ጀምሮ ለብስክሌት የተለየ ፉርጎ ያስገባል። ተጓዦቹ የሚወርዱበት ጣቢያ የተጻፈበት ወረቀት በየብስክሌታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ቀድሞ የሚወርደው ከውጭ፣ ዘግይቶ የሚወርደው ከውስጥ ይደረደራል። ፉርጎው ሲሞላ ግን ባለ ብስክሌቱ መድረኩ ላይ ይቀራል፤ ጠዋት ሥራ ለሚገባ ሰው በእርግጠኝነት የማይሳፈሩበት ባቡር ከሌለ ብዙም አይሻልም።

ጃፓን ደግሞ ብስክሌት የሚጫነው ተፈታቶ ወይም ታጥፎ ከረጢት ውስጥ ሲገባ ብቻ እንዲሆን አድርጋ ትኩረቷን ማቆሚያው ላይ አደረገች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጣቢያዎቿ ዙሪያ ያለ ቦታቸው የቆሙ ብስክሌቶች አንድ ሚሊዮን ገደማ ደርሰው ነበር። በ1980 የወጣው ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች ማቆሚያ እንዲሠሩና ያለ ቦታው የቆመውን እንዲያነሱ ሥልጣን ሰጣቸው። ማንሳቱም መሥራቱም አብረው ስለሄዱ ችግሩ ቀስ በቀስ ረገበ። በቶኪዮ የካሳይ ጣቢያ በ2008 የተከፈተው የምድር ውስጥ ማቆሚያ 9,400 ያህል ብስክሌት ይይዛል፤ አብዛኛውን የሚያስገባውና የሚያወጣው ማሽን ነው።

የረጅም ርቀት ጉዞ በሌላ ሚዛን መታየት አለበት። ብስክሌት ይዞ ለዕረፍት የሚሄድ ሰው በየቀኑ አይጓዝም፤ ቦታ አስቀድሞ ማስያዝም ይችላል። ለእርሱ መጫኑ አማራጭ የለውም። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 ያወጣው የባቡር ተሳፋሪዎች መብት ደንብ የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ ባቡር ሲገዛ ወይም ነባሩ በከፍተኛ ደረጃ ሲታደስ፣ በሌላ አግባብ ባለው ዕቅድ የተለየ ቁጥር ካልተወሰነ በቀር ቢያንስ አራት የብስክሌት ቦታ እንዲኖረው ያስገድዳል። አራት ቦታ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል፤ ለሁለት ቤተሰብ አይበቃም። ሆኖም ደንቡ ጉዳዩን ከየድርጅቱ በጎ ፈቃድ አውጥቶ የግዥ ሰነድ አካል ማድረጉ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከእነዚህ ልምዶች አዲስ አበባን በቀጥታ የሚነካው የማቆሚያው ጉዳይ ነው። በ2015 የተከፈተው ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍኑ ሁለት መስመሮች ነበሩት፤ ፉርጎዎቹ ለቆሙ ሰዎች እንኳ ስለሚጠቡ ብስክሌት የመጫን ሐሳብ ብዙ አያስኬድም። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ ባቡር የሚነሳው ደግሞ እንደ ቀድሞው ለገሃር ከከተማው መሀል ሳይሆን ከዳር፣ ከለቡ በኩል ነው፤ የመጀመሪያው ጫፍ ረዝሟል። ከእንጦጦ ሥር ያለው ዳገት ለብስክሌት ይከብዳል፤ በደቡብና በምሥራቅ ያለው መሬት ግን በአንጻሩ የተደላደለ ነው። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2020 ይፋ ያደረገው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን መሠረተ ልማትን ግቡ አድርጓል። ጣሪያና ጠባቂ ያለው፣ ብስክሌቱ ማታ ሲመለሱ በቦታው የሚገኝበት ማቆሚያ ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቅድ ከረጅሙ የብስክሌት መስመር ቀድሞ ሊሠራ የሚችል ክፍል ነው፤ ወጪውም ከውኃ ሥር አዳራሽ ጋር አይነጻጸርም።

ጥበቃው ወሳኝ የሚሆነው ሌብነት ተጓዡ የሚገዛውን ብስክሌት ዓይነት ስለሚወስን ነው። ብስክሌቱ እንደሚሰረቅ የሚጠብቅ ሰው ጥሩ ብስክሌት ይዞ ጣቢያ አይመጣም፤ የኔዘርላንድ ጣቢያዎች በዛጉ አሮጌ ብስክሌቶች የተሞሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። ውድ የሆነው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሲስፋፋ ጥያቄው ከብዷል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ክቡን ከ2.5 ኪሎ ሜትር ወደ 4 እና 5 ያሰፋዋል፣ ዳገቱንም ያቀለዋል፤ ነገር ግን ክብደቱ ከ20 ኪሎ ግራም ስለሚበልጥ በመደርደሪያው ላይኛ ደርብ ላይ ማውጣት ለብዙ ሰው የማይሞከር ነው። ሰፊ ጎማ ያላቸውና ፊታቸው ላይ የልጅ ወይም የዕቃ ሣጥን የተገጠመላቸው ብስክሌቶችም በመደበኛው መደርደሪያ ውስጥ አይገቡም። በዚህ ምክንያት አዳዲሶቹ ማቆሚያዎች ከወለሉ የተወሰነውን ክፍል ያለ መደርደሪያ ባዶ ይተዋሉ፤ በአንድ ካሬ ሜትር የሚቆመው ብስክሌት ቁጥርም በዚያው መጠን ይቀንሳል።