የደጋ ደሴት፦ ቆላ የሚከብበው ምድር

የአዲስ አበባው አፍንጮ በር ሰፈር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በስተሰሜን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በስተደቡብ ከተማው እየወረደ አቃቂ ሲደርስ 2,100 ሜትር አካባቢ ይሆናል። በሰፈሩ ሰማይ ላይ የማይጠፉ ወፎች አሉ። አንዱ ሥጋ ቤት ደጃፍ የሚያደባው፣ ምንቃረ ወፍራሙ፣ ማጅራተ ነጩ ትልቅ ቁራ ነው። ሌላው ማለዳና ማታ በቡድን እየጮኸ የሚያልፈው ባለ ረጅም ኩርባ ምንቃር ወፍ ነው። ሦስተኛው በጣሪያና በድንጋይ ግንብ ላይ የሚሰፍረው፣ ከአንገቱ ኋላ ነጭ ያለበት ርግብ ነው። ለሰፈሩ ሰው ተራ ወፎች ናቸው፤ ከአፍሪካ ቀንድ ደጋዎች ውጭ ግን አይገኙም። ክንፍ እያላቸው ዓለምን ያልዞሩት ለምንድን ነው?

መልሱን የያዘ አንድ የሥነ ምህዳር ቃል አለ፤ ስካይ አይላንድ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ «የደጋ ደሴት» እንለዋለን። የደጋ ደሴት ማለት በሞቃት ቆላ ተከብቦ ከሌሎች ከፍታዎች የተነጠለ፣ የራሱ ቀዝቃዛ አየርና ለዚያ አየር የተፈጠሩ ዕፅዋትና እንስሳት ያሉት ምድር ነው። «የሰማይ ደሴት» ተብሎ በቀጥታ ሊተረጎም ይችል ነበር። ሆኖም ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያለ አገሩን በከፍታና በብርድ ለሚከፍል አንባቢ «ደጋ» የሚለው ቃል ነገሩን ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ያስይዘዋል።

ቃሉን ያስፋፋው አሜሪካዊው ጸሐፊ ዌልደን ሂልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሪዞና በረሃ መካከል ስለሚነሡ ተራሮች ባሳተመው መጽሐፍ። በዚያው ዓመት ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ስለ ደሴቶች ሕይወት አንድ ንድፈ ሐሳብ በመጽሐፍ አወጡ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰፊ ደሴት ከጠባቡ ይልቅ ብዙ ዝርያ ይይዛል፤ ከሌላ ምድር የራቀ ደሴት ደግሞ ከቅርቡ ያነሰ፣ ምክንያቱም አዲስ መጤ በቀላሉ አይደርስበትም። ንድፈ ሐሳቡ በባሕር ደሴቶች ቢጀምርም ሐይቅን፣ የደን ቁራጭንና ተራራን ለማጥናትም አገልግሏል።

ቆላ እንዴት ባሕር ይሆናል? በሙቀት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚኖር ቀይ ቀበሮ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ቢወርድ የሚያገኘው ሌላ ሙቀት፣ ሌላ ሣር፣ ሌላ አይጥ፣ ሌላ በሽታ ነው። ርቀቱ በእግር የሚያልቅ ቢሆንም በመካከሉ የሚበላውና የሚጠለልበት የለውም። ይህ መለያየት ግን ሁልጊዜ እንዳሁኑ የጠነከረ አልነበረም። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን በባሌና በስሜን ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር ነበር፤ የውርጭ ቀጠናም ዛሬ ካለበት በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ብሎ ሰፊ ምድር ሸፍኖ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ከፍታዎች እርስ በርስ ተገናኙ። አየሩ ሲሞቅ ቀዝቃዛው ቀጠና ወደ ላይ ሸሸ፤ በየተራራው የቀሩት ዝርያዎችም ከዘመዶቻቸው ተቆራረጡ።

ከ2,000 ሜትር በላይ ከሚገኘው የአፍሪካ ምድር ግማሽ ያህሉ በኢትዮጵያ ነው። ይህ ከፍታ ግን አንድ ወጥ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ለሁለት ከፍሎታል፤ አባይና ገባሮቹ ደግሞ የሰሜን ምዕራቡን ክፍል በጥልቅ ገደል ይቆራርጡታል። በካርታ አንድ አገር፣ በሕይወት ግን የብዙ ደሴቶች ስብስብ ነው ማለት ይቻላል። ዋልያ የሚገኘው በስሜን ተራሮች ብቻ ነው። ደጋ አጋዘን ወይም ኒያላ ያለው ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅና ደቡብ፣ በባሌ፣ በአርሲና በጨርጨር ነው፤ ወደ ሸዋና ጎጃም አልተሻገረም። ጭላዳ አብዛኛው በሰሜን ገደላገደል ሲኖር፣ አንድ የተነጠለ ወገኑ ከሸለቆው ማዶ በላይኛው ዋቤ ሸበሌ ገደል አለ። ቀይ ቀበሮ በሁለቱም ወገን ይገኛል፤ የሚበላው ግን እንደ ደሴቱ ይለያያል። በባሌ ዋና ምግቡ ሌላ ቦታ የማይገኝ ትልቅ ፍልፈል ነው። በሰሜን ተራሮች ይህ ፍልፈል ስለሌለ በትንንሽ አይጦች ይኖራል።

በዕፅዋትም ያው ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት መዝግቦ ለመጨረስ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ድረስ ሥራ ወስዷል፤ ማዕከሉም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ስብስብ ነበር። የተመዘገቡት ዝርያዎች 6,000 ገደማ ሲሆኑ፣ ከአሥሩ አንዱ ያህል በዓለም ሌላ ቦታ የለም። በውርጭ ቀጠና ላይ እንደ ምሰሶ የሚቆመው ጅብራ ከእነዚህ አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛ፣ ለደጋ እንስሳ አጥር የሆነው ለቆላ እንስሳ መንገድ ነው። ስምጥ ሸለቆው ቀይ ቀበሮን ሲያግድ የቆላ ወፎችን ከደቡብ ወደ አፋር ያደርሳል፤ ደጋው በበኩሉ የምሥራቁን ቆላ ከምዕራቡ ይለያል። ሁለተኛ፣ የደሴቱ ዳርቻ ሁልጊዜ ለዓይን አይታይም። በቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ መካከል የሚኖር፣ ቁራን የሚመስል ግራጫ ወፍ አለ። በዙሪያው ተመሳሳይ የግራር ምድር ቢኖርም ከዚያ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አሳየ፦ ወፉ የሚኖርበት ቦታ ከአካባቢው የቀዘቀዘ፣ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች የሆነ ኪስ ነው። ገደልም ወንዝም ሳይኖር ቴርሞሜትር ብቻ ድንበር ሠርቷል።

ቃሉ የሚጠቅመው ስጋቱንም በትክክል ስለሚያሳይ ነው። አየሩ በ1 ዲግሪ ቢሞቅ ያንኑ ቅዝቃዜ የለመደ ዝርያ ከ150 ሜትር በላይ መውጣት ይኖርበታል። ተራራ ደግሞ እንደ እህል ክምር ነው፤ በወጡ ቁጥር ቦታው ይጠባል፤ ከጫፉ በኋላም መሄጃ የለም። ከታች ደግሞ የገብስ እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ ይገፋል። ደሴቱ በሁለት በኩል ይጠባል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የመንዝ ጓሳ የተባለው የደጋ ሣር ምድር ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ሕዝቡ «ቀሮ» በተባለ ሥርዓት የጓሳ ሣር የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ጊዜ ለመቶዎች ዓመታት ሲወስን ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ጥበቃው በኋላ በማኅበረሰቡ እጅ ተመልሷል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ።

ለአፍንጮ በርና ለአራዳም የሚሆን ነገር አለ። ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞች ዳርቻቸው ገደላማ በመሆኑ በከተማው መካከል ቀጭን አረንጓዴ መስመር ይሠራሉ። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ከተተከለባቸው የእንጦጦን ደን ከከተማው ዛፎች ያገናኛሉ። ከንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ግን ከሥሩ ሌላ ዕፅ ስለማያበዛ የዚህን ያህል መተላለፊያ አይሆንም።

ቃሉን ስንጠቀም ማንኛውንም ተራራ «የደጋ ደሴት» ማለት አይገባም። መነጠል፣ የራስ አየርና ለዚያ አየር የተመቹ ዝርያዎች አብረው መገኘት አለባቸው። እንስሳትን የምንቆጥርበት መንገድም በዚሁ ይለወጣል። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ ከግማሽ በላዩም በባሌ ነው። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ባሌ ከተጠበቀ ይበቃል ሊል ይችላል። ነገር ግን ቀበሮው በሰሜኑ ወገን ካሉት ከጉና ተራራና ከጎሽ ሜዳ ጠፍቷል፤ ባሌ ያለው ወገኑ ደግሞ ስምጥ ሸለቆን፣ አባይንና የእርሻ ምድርን አቋርጦ ጉናን ሊሞላ አይችልም። ስለዚህ ጥበቃው በአገር ድምር ሳይሆን በየደሴቱ መታቀድና መመዘን አለበት።