ቀን ያልተጻፈባቸው ካሴቶች፦ የኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ከየት ይጀምራል?



የዛሬው ርእስ ሲለጠፍ «የታሪክ ትምህርት ክፍልን ከዲፕ ሃውስ ጋር ምን አገናኘው?» ያላችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ አጭር ነው፤ ዛሬ አዲስ ሥራ ተብሎ የሚወጣው ሙዚቃ ነገ የታሪክ ምንጭ ይሆናል። ምንጩ ደግሞ መቼ፣ የትና በማን እንደተሠራ ካልታወቀ የምንጽፈው ታሪክ መነሻው ይዛባል። የኢትዮጵያን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በተመለከተ መነሻው ተዛብቷል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሜ ስለ ስያሜው ጥቂት ልበል። ሃውስ የሚባለው ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ ተወለደ። ስሙን የወሰደው ፍራንኪ ናክልስ ሸክላ ያጫውትበት ከነበረው «ዌርሃውስ» ከተባለው የምሽት ክለብ እንደሆነ በስፋት ይነገራል። በዚያው አሥርት ዓመታት አጋማሽ ላሪ ኸርድ የተባለ ሙዚቀኛ በድራም ማሽንና በሲንተሳይዘር ብቻውን የሠራቸው ረጋ ያሉ፣ ሐዘን የተቀላቀለባቸው ሥራዎች ዲፕ ሃውስ ለተባለው ዘርፍ መሠረት ጣሉ። በደቂቃ 120 ገደማ የሚመታ፣ አራት እኩል ምት ያለው ሙዚቃ ነው። ለታሪክ ሰው ግን ከምቱ ይልቅ የአወጣጡ መንገድ ትኩረት ይስባል። አንድ ሰው በመኖሪያ ክፍሉ ይሠራዋል፤ አነስተኛ አሳታሚ በጥቂት መቶ ቅጂ ያሳትመዋል፤ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። «አንደርግራውንድ» የሚባለው ይህ ነው፤ በሕግ የተከለከለ ማለት ሳይሆን በሰፊው ገበያ የማይታይ ማለት ነው።

እኛ አገር የሸክላ ሥራ ሲጀመር ነገሩ በሕግም የተከለከለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ድንጋጌውን ወደ ጎን ትቶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በውጭ አገር አሳትሞ አስመጣ። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አወጣ፤ ባለቤቱም በዚያው ዓመት አገር ለቆ ሄደ። ዛሬ ወርቃማው ዘመን እየተባለ የሚወደሰው ሙዚቃ የተረፈልን አንድ ሰው ሕግ ስለጣሰ ነው። ይህን የምለው ሕግ እንድትጥሱ አይደለም።

ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊ መጣ። ይህ ዘመን በሙዚቃ ታሪካችን ብዙ ጊዜ እንደ ባዶ ገጽ ይታለፋል፤ ባዶ ግን አልነበረም። በትልልቅ ሆቴሎች ምሽቱን ለመዝናናት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዶቹም እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። በሒልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተው ዋልያስ ባንድ በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል። ሸክላ ቀስ በቀስ ከገበያ ወጥቶ ካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በየሙዚቃ ቤቱ ይባዛል፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ ደሴ፣ ወልድያና መቀሌ ይደርሳል። ይህ ለሙዚቃ መስፋፋት በጎ ነበር፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን አስቸጋሪ ነው። ሸክላ ላይ ብዙውን ጊዜ የአሳታሚው ቁጥር አለ። ካሴት ላይ ፎቶግራፍ፣ የዘፈኖች ዝርዝርና የሙዚቃ ቤት አድራሻ ይገኛል፤ ዓመተ ምሕረት ግን በአብዛኛው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ለሙዚቃ ዝግጅት ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን ከተማ፣ ባንድ በሌለበት፣ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። በወጣትነቱ የተጫወተውን አኮርዲዮን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያኔ አዲስ ከነበረው ያማሃ ዲኤክስ 7 እና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ሥራ አወጣ። ዓመቱን ልብ በሉ። በዚያው ሰሞን ላሪ ኸርድ በቺካጎ ከማሽኖቹ ጋር ብቻውን ተቀምጧል። አንዱ ከሌላው ተማረ ማለቴ አይደለም። ማሽኑ ሲረክስ ብቻውን የቀረ ሙዚቀኛ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሁለት ሰዎች በሁለት ከተማ አሳዩ ማለቴ ነው።

በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች «ድራም ማሽን ባንዱን ገደለው» ሲሉ እሰማለሁ። ከልብ የመነጨ ቁጭት ነው፤ እንደ ታሪክ ማብራሪያ ግን አልቀበለውም። ባንዱን የበተኑት ስደትና የምሽት ሕይወት መዳከም ናቸው። ማሽኑ የመጣው ባንዱ ከሄደበት ባዶ ቤት ነው። የኃይሉ ካሴት የዚህ ማስረጃ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኃይሉ በዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ዓመታት አለፉ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ካሴቱን ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ አገኘው፤ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ሰውየው የልፋቱን ዋጋ በሕይወት እያለ በማየቱ ደስ ይለኛል። ነገር ግን «ተገኘ» የሚለውን ግስ የታሪክ ተማሪ ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም። ካሴቱ ባሕር ዳር ውስጥ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ከቤተ መዛግብት ነው። በታሪክ የተመዘገበበት ቀንም የተሠራበት ሳይሆን የውጭ ሰው ያየበት ቀን ሆነ።

ይህ ስሕተት በአዲሱ ትውልድ ላይ ሲደገም እናያለን። ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2014 «ያራዳ ልጅ» የተባለውን አጭር አልበም በዋሽንግተኑ «1432 አር» አማካይነት፣ በ2016 ደግሞ «ዘላለም»ን በኒውዮርክ በሚገኝ አሳታሚ በኩል አወጣ። እንደገና ሙሉም «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል የመድረክ ስም በዚያው በዋሽንግተኑ አሳታሚ ሥራዎቹን አቀረበ። ለዘርፉ የተሰጠው ስም «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ነው። የውጭ ሐያሲያን አዲስ ዘመን ተጀመረ አሉ። ሥራዎቹ በእርግጥ አዲስ ናቸው፤ ዘመኑ ግን ቀድሞ ተጀምሯል።

አዲስነታቸው የት ላይ ነው? በምቱ ላይ ነው። የዲፕ ሃውስ አራት እኩል ምት እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የእኛ ችክችካ ግን ስድስት ምት ነው፤ ጆሮ ስድስቱን አንድ ጊዜ ለሁለት፣ ሌላ ጊዜ ለሦስት ሊከፍላቸው ይችላል፤ እስክስታ የሚወርድ ትከሻም በዚህ መወላወል ውስጥ ይኖራል። የቀደሙት የካሴት ዘመን ቀራጮች ማሽኑን ችክችካ አስመትተው አለፉ። እነዚህ ወጣቶች ግን የማሲንቆንና የክራርን ድምፅ እየቆረጡ፣ እየደጋገሙና እያዘገዩ ሁለቱን አቆጣጠሮች እርስ በርስ ያጋጫሉ። አንዳንዱ ሥራ ለጭፈራ ሳይሆን ለብቻ ለመቀመጥ የተሠራ ይመስላል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጡብኝ እነዚያ ናቸው።

ሌላው ፈተና ቅኝት ነው፤ ይህ ደግሞ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ከመርሳ ተነስተን በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ ስንጓዝ ውጫሌ ላይ አምባሰል ምድር ውስጥ ነን። ኪቦርድ አንድን ስምንተኛ ድምፅ በ12 እኩል ክፍል ቆርጦ ያቀርባል፤ ማሲንቆ የሚመታ ጣት ግን በዚያ ቁርጥ አይገዛም፤ ድምፁን ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በማሽን የተቀዳ አምባሰል ምን እንደጎደለው ለማወቅ ከማሽኑ በፊት የተቀዳ አምባሰል ያስፈልጋል። ያ ቅጂ የት አለ?

በየቤታችን ነበር። በወልድያና በመርሳ የሠርግና የአካባቢ ዘፋኞች ድምፅ፣ ኋላም ባለ ኪቦርድ የሠርግ ጨዋታ፣ በካሴት ተቀድቶ በየሳጥኑ ይቀመጥ ነበር። ሙቀትና ሻጋታ ብዙውን በልቶታል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ አካባቢያችን ሲደርስ ደግሞ ቤት ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ነፍሱን ይዞ የሚሸሽ ሰው ካሴት አይሸከምም። የአዲሶቹ ሥራዎች ዕጣም ከዚህ የተሻለ አይምሰላችሁ። ሸክላዎቹ በውጭ አገር በጥቂት ቅጂ ታትመዋል፤ የቀረው በሌሎች አገር ኩባንያዎች ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ኩባንያው አገልግሎቱን ባቋረጠ ቀን አብሮ ይጠፋል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች የሚከተለውን ልጠቁም። ዓመት ያልተጻፈበትን ካሴት ዓመት መገመት ይቻላል። ሽፋኑ ላይ ያለው የሙዚቃ ቤት ስልክ ባለ 6 አሃዝ ከሆነ፣ ቁጥሮቹ ከተለወጡበት ከ1990ዎቹ መጨረሻ በፊት የታተመ ነው። የ1996ቱን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሚጠቅስ ማስጠንቀቂያ ካለው ከዚያ ወዲህ ነው። ድምፁም ይናገራል፤ የዲኤክስ 7 ደወል መሰል ድምፅ ከተሰማ፣ መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1983 ገበያ ላይ ስለዋለ ካሴቱ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። የፈረንጁንና የእኛን ዘመን አቆጣጠር አትቀላቅሉ፤ በዚህ ዘርፍ ከታተሙ ጽሑፎች በርካታ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተቶች የሚመጡት ከዚህ ነው። ሻጋታ የያዘ ካሴት ካገኛችሁ ለመስማት ቸኩላችሁ ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት፤ ክሩ ይበጠሳል። መጀመሪያ ሽፋኑን ፎቶ አንሡ፤ ከማን ቤት እንደመጣ፣ ማን ለማን እንደቀዳው፣ በየትኛው ሠርግ ወይም ክርስትና እንደተሰማ ባለቤቱን ጠይቃችሁ መዝግቡ። ባለቤቶቹ በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ናቸውና ከካሴቱ በፊት እነርሱን አድምጡ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።